በፊትና በኋላ ሞልቷል፣ መካከሉን ማን ያንሳው?

የአዲስ አበባን ዳርቻ የሚያሳይ ፎቶ ፈልጉ ብትባሉ ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ «በፊት» ነው፤ የጤፍ ማሳ፣ ጭቃ ቤት፣ ጥቂት ባህር ዛፍ፣ የሚነዳ ከብት። ሌላው «በኋላ» ነው፤ ከላይ በድሮን የተነሳ የኮንዶሚኒየም ረድፍ፣ ሰፊ አስፋልት፣ ማታ የሚያበራ የመንገድ መብራት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መለጠፍ የተለመደ ነው። በሁለቱ መካከል ያለፈው ስምንትና አስር ዓመት ግን ፎቶ የለውም። ሰው የኖረው ደግሞ እዚያው መካከል ላይ ነው።

መካከሉ ብዙ ነገር አለው። ማሳው ተለክቶ ካሳው ያልተከፈለበት ጊዜ አለ። እጣ ወጥቶ ቁልፍ ያልተሰጠበት ጊዜ አለ። ቁልፍ ተሰጥቶ ውሃ ያልገባበት፣ ውሃ ገብቶ ታክሲ የማይመጣበት፣ ታክሲ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ያላለቀበት ጊዜ አለ። ሰው በር ብቻ አስገጥሞ፣ መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኖ ክረምት የሚያሳልፍበት ጊዜ አለ። ጀሞ በዚህ አልፏል። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ በዚህ አልፈዋል። ዛሬ ጀሞ የሞቀ ሰፈር ነው። እዚያ ያደገ ልጅ፣ እናቱ ጠዋት ጠዋት ቦቲ አድርጋ፣ የሥራ ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ አስፋልት ዳር ስትደርስ ትቀይር እንደነበር ቢነገረው የሚያየው ነገር የለውም። ያንን ያነሳ ሰው የለማ።

ጉዳዩ የትዝታ ብቻ አይደለም። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት። ቀጣዩ ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ። ይህ ማለት ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚኖሩባቸው የዳርቻ መንደሮች ገና ማሳ ሳሉ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠሩት። በማሳውም ላይ ማን ይኖር እንደነበር፣ ኋላ የት እንደሄደ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ የለም። መዝገብ በሌለበት ቦታ ፎቶ ከጌጥነት አልፎ ማስረጃ ይሆናል።

ዳር ላይ የሚኖር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። «አየር ካርታ ላይ አለህ?» የሚለው ጥያቄ ሰው ሲያስደስትና ሲያስለቅስ የኖረ ነው። በከተማዋ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ ለማድረግ ለብዙ ዓመት መለያ የነበሩት በ1988 እና በ1997 የተነሱት የአየር ፎቶዎች ናቸው። ቤትህ እዚያ ላይ ነጥብ ሆኖ ከታየ የይዞታ ካርታ የማግኘት ተስፋ አለህ። ካልታየ ጨረቃ ቤት ነው። ልጆች አሳድገህበት፣ እድር ገብተህበት፣ ድንኳን ተክለህ ለቅሶ ተቀምጠህበት ሊሆን ይችላል። ፎቶው ላይ ከሌለህ የለህም። አስቡት፤ የአንድ ቤተሰብ እጣ ፈንታ አውሮፕላን ባለፈበት ቀን ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሶ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ይወሰናል።

እንግዲህ ዳርቻው ፎቶ አላጣም። ከላይ በደንብ ተነስቷል። ያጣው ከመሬት፣ በሰው ቁመት፣ በስሙ የሚያነሳውን ነው።

ይህ ክፍተት አዲስ አይደለም። የከተማችን የፎቶ ታሪክ ከጅምሩ የመሐሉ ታሪክ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩት ቦያጂያኖች፣ ፎቶ ቤታቸው፣ ከዚያም በኋላ የመጡት ፎቶ ቤቶች ያተረፉልን መኳንንቱን፣ አደባባዩን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ሙሽራውንና ተመራቂውን ነው። በየቤቱ አልበም ተበትኖ የነበረውን ፎቶ እየሰበሰቡ የአዲስ አበባን ያለፈ ሕይወት ያሳዩን ወጣቶች አሉ፤ ትልቅ ሥራ ነው። አልበም ግን አልበም መግዛት የቻለ ቤተሰብ ነገር ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ገርጂና ላፍቶ እርሻ ላይ የነበረው ሰው ፎቶ ቤት የገባው ምናልባት ለመታወቂያ ብቻ ነው።

በቅርብ ዓመታት ጥሩ ጥሩ ፎቶ አንሺዎች መጥተዋል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ለብዙ ወጣቶች በር ከፍቷል። ግርማ በርታ በስልኩ የመንገድ ሰዎችን አንስቶ፣ ከጀርባቸው ያለውን ከተማ አውጥቶ በደማቅ ቀለም ተክቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቷል። ሥራው ያምራል፤ ሊስትሮውንና ሻጩን ከግርግሩ ነጥሎ ክብር ሰጥቷቸዋል። ለዳርቻው ግን የሚያስፈልገን የዚህ ተቃራኒ ይመስለኛል። ሰውየው ከነጀርባው ያስፈልገናል። ከነአጥሩ፣ ከነጭቃው፣ ከነአሸዋ ክምሩ። እዚያ ጀርባው ራሱ ነው ታሪኩ፤ በየዓመቱ የሚለወጠውም እሱ ነው።

አንድ ፎቶ አለ፣ ሁላችሁም አይታችሁታል። ገበሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ ከኋላው ኮንዶሚኒየም ተገትሯል። በረጅም ሌንስ ከሩቅ ስለተነሳ ሕንፃው ሰውየው ላይ የወደቀ ይመስላል። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሏል። ቆንጆ ነው። የሚነግረን ግን ምንድን ነው? ገበሬው ስም የለውም። መሬቱ ተወስዷል ወይስ ገና ነው? በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነው የተከፈለው፣ ወይስ ስሌቱን ወደ 15 ዓመት ከፍ ባደረገው በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161? ምትክ ቦታ አግኝቷል? ልጆቹ አሁን ምን ይሠራሉ? ከዳርቻው የተነሱ ብዙ ገበሬዎች በገዛ ማሳቸው ላይ በተሠራው ሳይት ጥበቃና የቀን ሠራተኛ ሆነው መቅረታቸው በጥናትም በጋዜጣም ደጋግሞ ተነግሯል። ያ ፎቶ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። «አሮጌና አዲስ» ብሎ ያልፋል።

ኮዬ ፈጬን እንውሰድ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚያና በሌሎች ሳይቶች ላሉ ከ51 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እጣ ወጣ። አዳራሽ ውስጥ እልልታ ነበር። ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ፣ ከደሞዙ ቀንሶ እየቆጠበ የጠበቀ ሰው ነበረበት። በማግስቱ ደግሞ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ወጣ። ከእርሻው የተነሳው ሰውና ልጆቹ «የኛስ?» አሉ። ከዚያ በፊትም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከ2006 ጀምሮ ተቃውሞ አስነስቶ፣ ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት፣ በጥር 2008 ቀርቷል። በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ሌሎችም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። አንዳንድ ቦታ ላይ መንገድ ስትሻገር ከተማው ይቀየራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የቀሩልን ፎቶዎች የእልልታውና የሰልፉ ናቸው። ሁለቱም የአንድ ቀን ነገር ናቸው። ከዚያ በኋላ እጣው የወጣለት ሰው የቤት ኪራይ እየከፈለ ቁልፍ ሲጠብቅ፣ ገበሬው ደግሞ በየቢሮው ሲመላለስ ያለፈውን ጊዜ ያነሳው የለም። ሁለቱ ሰዎች በመጨረሻ ጎረቤት ሲሆኑ፣ በአንድ ጉሊት ሽንኩርት ሲገዙ፣ አንዱ በኦሮምኛ ሌላው በአማርኛ ሰላምታ ሲለዋወጡ ማየት የምንፈልግ ሰዎች አለን። እኔ እፈልጋለሁ። ብዙ ጠብ የሚነሳውም፣ ብዙ ጠብ የሚበርደውም እዚያ ነው።

ዳርቻው የገበሬውና የባለ እጣው ብቻ አይደለም። ከመሐል የተነሳውም እዚያ ነው ያለው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ሲጀመር ከፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነሳ። ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ገላን ጉራ ገቡ። የዚህ ሰሞን ፎቶዎች ምን ነበሩ? ግሬደር፣ አቧራ፣ የፈረሰ ግድግዳ፣ ቀጥሎ አበባና የብስክሌት መንገድ። አሁንም በፊትና በኋላ።

መካከሉን ለማየት ደረጃ ላይ መቆም ይበቃል። የቀበሌ ቤት ውስጥ ለሠላሳ ዓመት የቆመ ቡፌ አስቡ። መስታወቱ ውስጥ የሰርግ ብርጭቆ፣ የልጅ የምርቃት ፎቶ፣ የፕላስቲክ አበባ አለ። ቡፌው ከባድ እንጨት ነው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ መታጠፊያው ላይ ጠባብ ነው። አራት ጎረምሳ ተሸክሞት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይጣበቃል። «ትንሽ ወደኔ! ጋደም አድርገው!» ይባላል። አይሆንም። መጨረሻ ላይ ወይ በገመድ በበረንዳ ይጎተታል፣ ወይ እግሩ ይቆረጣል፣ ወይ እዚያው ታች በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። እናትየው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልላ በእቅፏ ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ይህን ያነሳ ፎቶ ስለ መኖሪያ ቤት ፖሊሲ ከአንድ ረጅም ሪፖርት የማያንስ ነገር ይናገራል። ዲዛይኑ ለማን እንደተሠራ ያሳያል። ቤቱ አዲስ መሆኑን አይክድም፣ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ መሆኑንም አይክድም። ሰው ምን ይዞ እንደመጣና ምን ጥሎ እንደገባ ግን ይቆጥራል።

እዚህ ላይ «ማን ፈቀደልህ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ዳርቻ ላይ ካሜራ ያወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥበቃው «ደብዳቤ አምጣ» ይላል። ደብዳቤ ይዘህ ስትመጣ «ይህ ወረዳውን ነው የሚመለከተው» ትባላለህ። ድሮን ከሆነማ ያለ ፈቃድ አይሞከርም። ከጥበቃው በላይ ግን የሚያሳስበኝ የሚነሳው ሰው ፈቃድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ግልጽ ነው። አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተፈጸመ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ ዶክመንተሪ የሚያነሳ ሰው በሕግ ብዙ ቦታ አለው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አሁን አብሮ የሚታይ ነው።

ሕጉ የሚፈቅደው ሁሉ ግን ዳር ላይ ደህና አይደለም። ጨረቃ ቤት በር ላይ የቆመችን ሴት አንስተህ ከነቦታው ስም ለጠፍክ እንበል። ነገ አፍራሽ ግብረ ኃይል ቢመጣ «ፎቶው ነው ያመጣው» ብትል ማን ይፈርድባታል? ደንብ አስከባሪ የምትሸሽ የጉሊት ነጋዴም እንዲሁ ናት። የስልክ ካሜራ ፎቶው ውስጥ የቦታውን መገኛ አብሮ ሊመዘግብ ይችላል። ከመላክህ በፊት እሱን ማጥፋት የግድ ነው። አንዳንዱን ፎቶ አንስቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ለአስር ዓመት ሳያወጡ ማስቀመጥም ሥራ ነው። ሁሉም ዛሬ ማታ መለጠፍ የለበትም።

ሰዎቹ ራሳቸው የሚጠይቁት ደግሞ ሌላ ነው። «አባባ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ስትላቸው «ለኔ ምን ይሆነኛል ልጄ?» ይላሉ። ወጣቶቹ ቀጥታ «በኛ ፎቶ ብር ልትሠራ ነው» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የታተመ ፎቶ ይዞ መመለስ ነው። በቴሌግራም መላክ ጥሩ ነው፣ ወረቀት ላይ የታተመው ግን ሌላ ክብደት አለው።

ለምን ቢባል፣ በኛ አገር ፎቶ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ፎቶ ነው። ብዙ ቤት ያለው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሳ፣ ጥጉ ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት። ያ ተወስዶ ፎቶ ቤት ይሰፋል። ሲሰፋ ፊቱ ይደበዝዛል፣ ማኅተሙ ከአገጩ ላይ አይወጣም፣ ፎቶ ቤቱ ደግሞ ያልለበሰውን ኮትና ከረባት በኮምፒውተር ያለብሰዋል። ቤተሰቡ ያንን ከፍ አድርጎ ይዞ ያለቅሳል። ሚካኤል ፀጋዬ፣ ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ወደ ካሜራ የዞረው ባለሙያ፣ መቃብር ላይ ተለጥፈው ፀሐይና ዝናብ የሰነጣጠቃቸውን የሟቾች ፎቶዎች በተከታታይ አንስቷል። እነዚያን ሥራዎች ሳይ የማስበው ይህንኑ ጉርድ ፎቶ ነው። ለብዙ ሰው ከዕድሜው ሁሉ የተረፈለት አንድ ፊት ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ ያለው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ይህ በአገር ደረጃ ታየ። ቆሼ ሲጀመር ከከተማ ውጪ ነበር። ከተማው ሄዶ ሄዶ ዋጠው። ሰዎች ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው፣ ከክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው ልጅ አሳድገዋል። በዚያ ሳምንት የዓለም ካሜራ ሁሉ መጣ፣ ኤክስካቫተሩንና የሚያለቅሰውን አንስቶ ሄደ። በማግስቱ ዓመት ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ እንደገና መጣ። በፊት፣ በኋላ። እዚያ የኖሩት ሰዎች ግን በሕይወት ሳሉ፣ ሥራቸውን ሲሠሩ፣ ከነስማቸው ተነስተው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ ይኖራቸው ነበር።

እና ምን ይደረግ? ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ስልክ ይበቃል። የሚያስፈልገው መመላለስ ነው። አንድ ቦታ ምረጥ፤ የታክሲ ተራ ሊሆን ይችላል፣ የቦኖ ሰልፍ ሊሆን ይችላል፣ በሁለት ብሎክ መካከል ያለ ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል። ከዚያው ነጥብ፣ በዚያው ከፍታ፣ በየወሩ አንሳ። በመስከረም ዝናቡ ቆሞ አየሩ ሲጠራ ሁሉም ነገር ያምራል፤ እሱን ብቻ ማንሳት ግን ውሸት ነው። በሐምሌ ጭቃው ውስጥ፣ በየካቲት አቧራው ውስጥ ሂድ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሌሊት እወቅና ቢጫ ጀሪካኑ ተደርድሮ ሲያድር አንሳ። ኮሙናሉ፣ የጋራ መገልገያው ቤት፣ ውስጥ ለድግስ በግ ሲታረድ፣ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ እንጀራ ሲጋገር፣ ለቅሶ ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ ሲተከል አንሳ። ሰው መሐል ከተማ የለመደውን ኑሮ ፎቅ ላይ እንዴት አድርጎ እንዳስገባው የሚታየው እዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ጻፍ። ስም፣ ሰውየው ራሱ እንደሚጠራበት። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ቦታው ዛሬ የሚጠራበትና ገበሬዎቹ ይጠሩበት የነበረው፣ ሁለቱም፤ ነባሩን ስም የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ። ከየት መጣ፣ መቼ መጣ፣ ተነሺ ነው፣ ባለ እጣ ነው፣ ተከራይ ነው? ተከራይ የሚባለው ሰው ሁልጊዜ ይረሳል፤ ብዙ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ብዙው ነዋሪ እሱ ነው። ይህ ያልተጻፈበት ፎቶ ከሃያ ዓመት በኋላ የማይታወቅ ሰው፣ በማይታወቅ ሰፈር ይሆናል።

ማስቀመጫውስ? ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ማለትም ወመዘክር፣ አለ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ሁለቱም የድሮ ፎቶ በአደራ የያዙ ቤቶች ናቸው፤ የዛሬውን የዳርቻ ፎቶም ከነጽሑፉ መቀበል ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ያ እስኪሆን ግን ቅርብ ያለውን መጠቀም ይቻላል። ብዙ የኮንዶሚኒየም ሳይት እድር አለው። እድር የአባላቱን ስም፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የገባበትን ቀን፣ የሞተበትን ቀን ይመዘግባል። ቆጠራ በሌለበት አገር በየወሩ የሚታደስ የሰፈር መዝገብ ያለው እድር ነው። ፎቶውን ከዚያ መዝገብ ጎን ማስቀመጥ፣ አንድ ቅጂ በሃርድ ዲስክ፣ አንድ የታተመ አልበም በጸሐፊው ቁምሳጥን፣ አንዱ ደግሞ ፎቶ አንሺው ጋ፣ ብዙ ወጪ የለውም። አባላቱ የትኛው ፎቶ እንዲታይ፣ የትኛው እንዲቆይ ራሳቸው ይወስናሉ። ለቅሶ ሲመጣም ጉርድ ፎቶ ፍለጋ አይኬድም።

ገላን ጉራ ይህን አሁን ሊጀምር ይችላል። ሰዎቹ ከካዛንቺስ የመጡት በቅርብ ነው፣ የድሮ እድራቸውን ስም ያስታውሳሉ፣ ጎረቤት ማን እንደነበር ያውቃሉ፣ ብዙዎቹም የፈረሰው ቤታቸው ፎቶ ስልካቸው ላይ አለ። ስልክ ደግሞ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ይሸጣል። መጀመሪያ መሰብሰብ ያለበት እሱ ነው፤ ቀጥሎ በሚመጣው ወርኃዊ የእድር ስብሰባ ላይ።